ምስጢር የሚያሳብጥባት ፕላኔት

ጥሩወርቅ ወደ ደወሌ ድንበር ስትሄድ ቀጭን ናት፤ ወደ ድሬዳዋ ስትመለስ ወፍራም። ሻሽና ሐሩን በቀሚሷ ሥር ትጠመጥመዋለች፣ በዚያ ሙቀት! ላቧ እስከ ካልሲዋ ይወርዳል። ጎረቤቶቿ «የቆላ አየር ይስማማታል» ሲሉ ሁሉም ያመኗት ይመስላታል።

ኩራቷ ለብቻው ቢጫን አንድ ፉርጎ ይሞላ ነበር። ፊደል የጀመረችው በመሠረተ ትምህርት ነው፤ «ቀ» ላይ ስትደርስ ንግድ ጠራትና እዚያው ተወችው። «እኔን የሚይዝ ፈታሽ እናቱ ገና አላረገዘችውም» ትላለች።

የዚያን ቀን የእህቷ ልጅ አለምብርሃን አብራት ነበረች። አሥራ አንደኛ ክፍል ናት፤ ዓይኗ ከመጽሐፍ አይነቀልም። ጥሩወርቅ ይዛት የሄደችው ትንሽ ሐር እንድትጠመጥምላት ነበር። ልጅቷ ግን «ይሞቀኛል» ብላ መጽሐፏን ብቻ አቅፋ ተመለሰች።

አዲጋላ ላይ ባቡሩ ሲቆም የጉምሩክ ፈታሹ ማዘንጊያ ገባ። ካኪ ኮቱን እስከ አንገቱ የቆለፈ፣ ቦርጩ ቀድሞት የሚገባ ሰው ነው። ባዶ ወንበር ሞልቶ ሳለ ቀጥ ብሎ መጥቶ ጥሩወርቅ አጠገብ ተቀመጠ።

«ይሞቃል አይደል፣ እማማ?»

«አገሩ ነው፣ ጓድ። ምን ይደረግ?»

ልቧ ቲክ ቲክ ሲል በጆሮዋ ሰማችው። ይህን የሚያህል ገላ የተሸከመ ልብ እንዲህ ያለ ቀጭን ድምፅ ማውጣቱ ገረማት።

ጨዋታ መፍጠር ነበረባት። የልጅቷን ጉልበት ቆነጠጠችው። «እስቲ ያንን የሰማዩን ታሪክ ለጓድ አንብቢላቸው።»

«ልብ ወለድ ነው» አለች አለምብርሃን ደስ ብሏት። «ስለ ሌላ ፕላኔት።»

ማንበብ ጀመረች፦ በዚያች ፕላኔት ሁለት ፀሐይ ይወጣል።

«አቦ፣ አንዷም አቃጥላናለች!» አለች ጥሩወርቅ።

ሰዎቹ ደግሞ ምስጢር ሲይዙ ያብጣሉ፤ ምስጢሩ በከበደ ቁጥር ሰውነታቸው ይነፋል። ኢላ የምትባል ወጣት ወንድሟ የተደበቀበትን ዋሻ ታውቃለች። እንደ ፊኛ ተነፍታ፣ ጠባቂዎች ወደቆሙበት በር ትሄዳለች።

ጥሩወርቅ የገዛ ምላሷን ረገመች። ከመጽሐፍ ሁሉ ይህንን!

ማዘንጊያ ግንባሩን ጠረገ። «ታዲያ እዚያ አገር ማን ያመልጣል?»

«ተረት እኮ ነው፣ ጓድ» አለች ቀሚሷን እየሰበሰበች።

ሽንሌ ላይ ወታደሮች ለፍተሻ ገቡ። ከፊት ያለችውን ሴትዮ ጥቅል አራገፉት። ጥሩወርቅ ለገብርኤል ጃንጥላ ተሳለች። ማዘንጊያ ወደ መጽሐፉ ጎንበስ አለ።

«አንብቢ! አታቁሚ!»

ወታደሮቹ ፈታሽ ከአሮጊት ጋር ተጠጋግቶ ልብ ወለድ ሲያዳምጥ አዩና ሰላምታ ሰጥተው አለፉ።

ጥሩወርቅ በሳቅ ልትፈነዳ ምንም አልቀራት። ይኸው፣ «ቀ» ላይ የቀረች ሴት የመንግሥት ሰው በመጽሐፍ አደነዘዘች!

ድሬዳዋ ሲደርሱ መጽሐፉ አለቀ፤ ታሪኩ ግን አላለቀም። የገዙት ቀፊራ ገበያ ከኦቾሎኒ ሻጭ ነበር፤ የመጨረሻዎቹን ገጾች ሻጯ ቀድማ ኦቾሎኒ ጠቅልላባቸዋለች።

«አለፈች ወይስ ተያዘች?» አለ ማዘንጊያ። ድምፁ ተለውጧል።

ጥሩወርቅ ከጣቢያው ለመውጣት ቸኩላለች። «መጨረሻው ቤት ቀርቶ ነው፣ ጓድ። ከመስጊዱ ጀርባ ነን፤ ብቅ ካሉ ታነብልዎታለች።»

ካለችው በኋላ ምላሷን ነከሰች። ከኮንትሮባንድ ነጋዴ ሁሉ ፈታሽ ቤቷ የጋበዘች እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

ጎን ለጎን ወጡ። በሩ ላይ ማንም አልነካቸውም።

በማግስቱ ጠዋት ጨርቁን አልጋዋ ላይ ዘርግታ ራሷን ስታደንቅ በሩ ተንኳኳ።

«ማነው?»

«ማዘንጊያ ነኝ፣ እማማ። መጨረሻውን ልሰማ ነው።»

ልቧ ደረቷን ደለቀው፤ ዛሬ ድምፁ የከበሮ ነው።

«አልጋ ሥር ይክተቱት፣ እትዬ!» አለች አለምብርሃን በሹክሹክታ።

«አልጋ ሥር? መጀመሪያ የሚያየው እሱን አይደል፣ አንቺ ደንቆሮ!»

ሻሹንም ሐሩንም መልሳ ወገቧ ላይ ጠመጠመች። ቀሚሷን አጠለቀች። ወፈረች። ያ ሁሉ ጉራ እዚህ ሊያልቅ ነው እያለች፣ እጇን ለካቴና አዘጋጅታ በሩን ከፈተች።

ደጁ ላይ ማዘንጊያ ብቻውን ቆሟል፤ የትናንቱ ቦርጭ የለም፤ እንደ ሸንበቆ ቀጥኗል፤ ካኪ ኮቱ ሌላ ሰው ያስገባል። ለካ የቆላ አየር ለእሱም ይስማማው ነበር።