የማታው ክፍል አንደኛ

የወረዳው የትምህርት ኃላፊ የዓመቱን ምርጥ ተማሪ ሜዳሊያ አቀብለዋት፣ "በይ እንግዲህ፣ ተማሪሽን አንቺው ሸልሚ" ሲሏት መምህርቷ ሜዳሊያውን ይዛ ዞረች። ከፊቷ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው የቆሙት የማታ ተማሪ የገዛ እናቷ ነበሩ። ይህን ደግሞ ሁለቱም ዓመቱን ሙሉ ደብቀው ነው የከረሙት። "በልጇ አለፈች ከሚሉኝ ብወድቅ ይሻለኛል" ብለው እናትየው ገና ሲመዘገቡ አስምለዋታል፤ ፈተናቸውንም ሌላ መምህር እንዲያርመው አድርገዋል። ክፍል ውስጥ "መምህር፣ እርስዎ" ይሏታል፤ ቤት ሲገቡ ደግሞ "አንቺ ልጅ፣ ዛሬም ዕቃው አልታጠበም?"

ሜዳሊያውን አጠለቀችላቸው። እናትየው ቀና ሲሉ የልጃቸው የኮት ኮሌታ ተጣጥፎ አዩ። እጃቸው ሳያማክራቸው ሄዶ አቃናው፤ አልፎ ተርፎም ጉንጯ ላይ የነበረውን የቀለም ነጥብ በአውራ ጣታቸው ጠረገላት። የአዳራሹ ሰው ሁሉ አየ። "አበቃልን!" አለች መምህርቷ በሆዷ። እናትየው ግን እጃቸውን አልመለሱም።

"ልጄ ናት" አሉ ወደ ሕዝቡ ዞረው። "በልጇ አለፈች የሚል ካለ አሁኑኑ ይምጣና ይፈትነኝ!"

ከማታ ተማሪዎቹ መካከል አንድ በያጅ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ብድግ አለ።

"እማማ፣ እኛማ ገና ከጅምሩ ነው ያወቅነው" አላቸው። "እኛ ስንጠራት 'ምን ነበር?' ትለናለች፤ እርስዎ ሲጠሯት ግን 'አቤት!' ብላ ካለችበት ትሮጣለች።"