ምንም የማያባክነው ቤት

የእህቴ የሳያት ባል ክብሩ፣ ታቦር ሰፈር ቤት ከሠራ ወዲህ እንግዳ አያጫውትም፤ ያስጎበኛል እንጂ። ጣሪያው ላይ ሶላር ደርድሯል፣ መስኮቱን ድርብ መስታወት አድርጎታል። ስለ ግድግዳው ውፍረት ሲያወራማ ግድግዳ የሚባል ነገር እሱ የፈለሰፈው ይመስላል። በር ላይ የሚያልፍ ባጃጅ እንኳ ውስጥ አይሰማም።

«እትዬ፣ እዚህ ቤት ምንም አይባክንም» አለኝ ባለፈው እሑድ፣ አንዲት አምፖል አጥፍቶ ደረቱን እየነፋ።

«ይሄ ቤት ነው ወይስ ፔርሙዝ?» ብዬ ሳቅሁበት። እህቴ አቀረቀረች።

ዛሬ ለምሳ ስመጣ ሁለቱም ሶፋው ላይ ዝም ብለው ተቀምጠዋል። ገና ሰላም ሳልላቸው መኝታ ቤት ውስጥ ሴት ሳቀች። «ይሄ ቤት ነው ወይስ ፔርሙዝ?» አለች።

ድምፁ የኔ ነው።

«ቀድተኸኝ ነው? አንተ ደግሞ ሥራ ፈት!» አልኩት።

«ማንም አልቀዳሽም» አለች ሳያት በሹክሹክታ። «ከእሑድ ጀምሮ እንዲህ ነው። እባክሽ እትዬ፣ እዚህ ምንም አትናገሪ።»

መኝታ ቤቱን ከፍቼ አየሁ። ማንም የለም። ጥርሴን ነክሼ ተመለስኩና ከሠርጋቸው ቀን ጀምሮ በሆዴ የያዝኩትን፣ ለማንም ተንፍሼው የማላውቀውን ነገር አሰብኩ።

«ይሄን ጅል ያገባሽው ሌላ ፈላጊ ስላጣሽ ነው፣ ሳያት» አለ የኔው ድምፅ ከግድግዳው ውስጥ፣ ጥርት ብሎ።

ሳያት ቀና ብላ አፌን አየችው። እንደተዘጋ ነበር።