የፈላው ፉርሽካ

አባትየው የፈላ ውሃ ፉርሽካው ላይ ገለበጡ፤ ከፓኬቱ ሁለት ማንኪያ ዱቄት ጨመሩና በዱላ ያማስሉት ጀመር። ጡት ከጣሉ አራት ቀን የሆናቸው ዘጠኝ የአሳማ ግልገሎች በረቱን በጩኸት አናጉት። አሥረኛው፣ ኮስማናው፣ ጥግ ላይ እንደተኛ ነው። ከትናንት ጀምሮ ያስቀምጠዋል።

ዱቄቱን ያመጣችላቸው የመኖ ባለሙያዋ ልጃቸው ናት፤ የግልገሎቹን ሆድ ይጠብቃል ብላ። ያለፈው ዙር ግን ዱቄቱን እየበላ ከአሥራ አንዱ ስድስቱ በተቅማጥ አለቁ። አሁንስ በቃኝ፣ እናቲቱን አሳማ እሸጣለሁ ብለው ቆርጠዋል። ገዢው ዛሬ እኩለ ቀን ላይ ይመጣል።

ልጅቱ ገና በሩን ስትገባ ዱቄትሽ ዋጋ የለውም አሏት። እሷም ጡት የጣለ ግልገል አንጀቱ እንዴት እንደሚቆጣ ልታስረዳቸው ስትጀምር «ለቀባሪው አረዱት» ብለው አቋረጧት። እውነታቸውን ነው፤ ስድስቱንም የቀበሩት እሳቸው ናቸው።

እሷ ግን የፉርሽካው ባልዲ ውስጥ ጣቷን ነከር አድርጋ በፍጥነት አወጣች።

«አባዬ፣ ሁልጊዜ በፍል ውሃ ነው የምትለውሰው?»

«ታዲያስ። የታመመ ሆድ ሙቀት ይወዳል። አንቺንስ በምን አሳደግኩሽና?»

«ዱቄቱ እኮ ሕይወት ያለው ነው። አንጀታቸው ገብቶ መጥፎውን የሚከላከል ጥሩ ባክቴሪያ ነው። እየቀቀልከው ነው።»

አባትየው ማማሰላቸውን አቆሙ። በስንፍና ያጠፉት ቢሆን ይሻላቸው ነበር፤ እሳቸው ግን በየማለዳው እሳት ያነደዱት ለግልገሎቹ ሳስተው ነው። ልጅቱ ፓኬቱ ላይ ጽፌ መስጠት ነበረብኝ እያለች ራሷን ስትወቅስ አልሰሟትም።

ባልዲውን ነፋስ ወዳለበት አወጡት። ግልገሎቹ ጆሮ እስኪያደነቁሩ ጮኹ። እሳቸው፣ በዕድሜያቸው የተራበ ከብት አስጠብቀው የማያውቁት ሰውዬ፣ ክርናቸውን ነከር እያደረጉ «ገና ነው» ይላሉ፤ ልጃቸውን ሕፃን ሳለች ሲያጥቧትም እንዲሁ ይለኩ ነበር። ለብ ሲል አዲስ ዱቄት ነሰነሱበት። ለዘጠኙ ገንዳው ላይ ገለበጡላቸውና በእፍኛቸው ትንሽ ይዘው ኮስማናው አጠገብ ተንበረከኩ።

አሸተተና ፊቱን አዞረ። እጃቸውን አልሰበሰቡም። ጉልበታቸው እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ደነዘዘ። ከብዙ ቆይታ በኋላ ሻካራ ምላስ መዳፋቸውን ላሰ፤ ደግሞ ላሰ።

«ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነው» አሉ ዞር ሳይሉ። «ለገዢው ደውዪና አይምጣ በይው። እኔ እጄ ተይዟል።»