እንደገና እንነሳ

አውሮፕላኑ እርጥቡን ማኮብኮቢያ ጨርሶ አልፎ፣ አፍንጫውን ጭቃ ውስጥ ቀብሮ ቆሟል። የረዳት አብራሪዋ እግሮች ግን አሁንም ፍሬኑን እንደረገጡ ነበሩ። ከኋላ አስተናጋጆቹ በሮቹን ሲከፍቱ ተሳፋሪዎቹ አጨበጨቡ፤ አንዱማ «እጅህ ይባረክ፣ ካፒቴን!» ብሎ ጮኸ። ጥርሷን ነከሰች። ገና አየር ላይ ሳሉ ካፒቴኑን፣ «ፍጥነታችን በዝቷል፣ ማኮብኮቢያው ላይ ውሃ ተኝቷል፤ አናርፍም፣ እንደገና እንነሳ» ብላው ነበር። አንዴ አይደለም፣ ሦስቴ። ሰውየው ወይ ፍንክች!

ካፒቴኑ በዕድሜ አባቷ የሚሆን ሰው ነው። መሪውን እንደጨበጠ በመስታወቱ ወደ ጭቃው አፍጥጦ ቀርቷል። አሳዘናት፤ ንዴቷን ዋጥ አድርጋ ሰበብ ፈለገችለት።

«የዝናቡ ጩኸት ነው አይደል? አልሰሙኝም ነበር?» አለችው።

ካፒቴኑ መሪውን ለቀቀ።

«ሰምቼሻለሁ፣ ልጄ» አለ ቀስ ብሎ። «ትክክል እንደሆንሽም አውቄያለሁ። በዚህ ዕድሜዬ በልጅ ቃል መመለሱ ነው ያቃተኝ።»

አልሰማሁሽም ቢላት ኖሮ ይቅር ልትለው ተዘጋጅታ ነበር።