ባልዲው ውስጥ የተጋደመው

ሉዶቪክ እጁን ከመቆጣጠሪያው ዘንግ ላይ ማንሳት አይችልም። ስካቫተሩ አርጅቷል፤ ዘንጉ ከተለቀቀ የማሽኑ ክንድ ቀስ እያለ ይወርዳል። ባልዲው መሬት ሲነካ ደግሞ ጥርሶቹ ላይ የተጋደመው፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተረፈ የመድፍ ጥይት ምን እንደሚያደርግ እግዜር ይወቅ።

ጭቃው እስኪራገፍለት ድረስ ድንጋይ መስሎት ነበር።

"እንዳትንቀሳቀስ!" ይላል አለቃው በሬዲዮ። "ፈንጂ አምካኞቹ ከአሚየን ከተማ ተነስተዋል። አይዞህ፣ አብረንህ ነን!"

አብረውት ያሉት ሦስት መቶ ሜትር ሸሽተው ከአፈር ቁልል ጀርባ ተኝተዋል።

ላቡ ዓይኑ ውስጥ ይገባል፤ የሚጠርግበት እጅ የለውም። በዚህ መሀል ከድንች ማሳው በኩል አንድ ቆብ ያደረጉ ሽማግሌ ብቅ ይላሉ። በሰሜን ፈረንሳይ አሚየንን ከሳን ካንታን እንዲያገናኝ እየተሠራ ያለው አውራ ጎዳና ማሳቸውን ለሁለት የሰነጠቀባቸው ኦሜር ናቸው። የሥራውን አጥር ዞረው፣ ስድሳ ዓመት በለመዱት መንገድ ይመጣሉ።

"አባባ፣ ይመለሱ! ፈንጂ ነው!"

"አይቼዋለሁ፤ ዕውር አይደለሁም። ስናርስ በዓመት አምስት ስድስት እናወጣለን። አባቴም ያወጣ ነበር። አቅፈን ወስደን እዚያ መብራት ምሰሶ ሥር እንደረድራለን፤ አምካኞቹ ሲመቻቸው መጥተው ይለቅሙታል።"

"አይንኩት! በእናትዎ!"

"ዕድሜው ያንተን ሦስት እጥፍ ይሆናል። ሽማግሌ ይከበራል እንጂ አይፈራም፣ ልጄ።"

ባልዲው በደረታቸው ልክ ተንጠልጥሏል። እጃቸውን ከጥይቱ ሥር ሰደው፣ እንደ አራስ ልጅ ደግፈው፣ አንዱን ጫፍ ትንሽ ከፍ ያደርጉታል።

ከዚያ ይቆማሉ።

ጥይቱ ድምፅ አውጥቶ ከሆነም ሉዶቪክ ከሞተሩ ጩኸት የተነሳ አልሰማውም። የሚያየው የሽማግሌውን ፊት ብቻ ነው፤ ደሙ ከግንባራቸው ጀምሮ ወደ ታች ሲሸሽ።

"ምንድን ነው? አባባ፣ ምን ሆኑ?"

"ተንቦጫቦጨ" ይላሉ። "እጄ ላይ። እንደ ጎዶሎ ጠርሙስ።"

"ምን ማለት ነው?"

"የመርዝ ጋዝ ነዋ፤ ውስጡ ፈሳሽ ሆኖ ነው የሚቀመጠው። ወንድሜን እዚሁ ማሳ ላይ የጨረሰው ዓይነት። ሦስት ቀን ሙሉ ነው ሳንባውን ሲተፋ የከረመው።"

"ይልቀቁታ!"

"ከለቀቅኩት ይንከባለላል።" ክርናቸውን ከባልዲው ጠርዝ ላይ ያስደግፋሉ። "አንተ ውጣ። ወጣት ነህ። ሩጥ።"

"ዘንጉን ከተውኩት ባልዲው ይወርዳል።"

"እንግዲያው አትሩጥ" ይላሉ ሽማግሌው ፈጠን ብለው።

ነፋሱ የቀያሾቹን ቀይ ሪባን እያርገበገበ ነው። ኦሜር ወደየት እንደሚነፍስ ያያሉ፤ ወደ መንደሩ ነው።

"ባለቤቴ መስኮት ከፍታ ነው የምትውለው" ይላሉ፣ ለማንም ሳይሆን። "ስንት ጊዜ ተናግሬያለሁ።"

የሉዶቪክ አውራ ጣት ደንዝዟል። ዘንጉን እየገፋ ይሁን እየለቀቀ ማወቅ አቅቶታል፤ ስለዚህ ጣቱን ትቶ ባልዲውን ያያል።

"ስምህ ማን ነው?"

"ሉዶቪክ።"

"ማውራትህን አታቁም፣ ሉዶቪክ።"

ሉዶቪክ የባልዲውን ጥርሶች ጮክ ብሎ መቁጠር ይጀምራል። በዚህ ጊዜ ከምዕራብ፣ ገና አስፋልት ባልለበሰው ጎዳና ጫፍ ላይ፣ የፈንጂ አምካኞቹ ነጭ መኪና ትታያለች። መንገዱ በሰዓት መቶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር እንዲበረርበት ነው የታቀደው። መኪናዋ ግን መሬቱን ላለማናወጥ፣ እንደ እርጉዝ ላም እግሯን እያማረጠች ትመጣለች፤ ቶሎ በይ ብሎ የሚጮህባትም የለም።