ጽዋው ወደ ቀጥቃጩ ቤት

በጮቄ ተራራ ሥር፣ አርበኞቹ በተሸሸጉበት ዋሻ ውስጥ የቅዱስ ጊዮርጊስ ማኅበር ጽዋ ይዞር ነበር። ቢምረው ከደጅ ቆሟል። ጠመንጃቸውን የሚጠግንላቸው፣ ትናንትም ከጎናቸው ተሰልፎ ከጣሊያን ጋር የተታኮሰ ሰው ነው። ግን ቀጥቃጭ ነውና ማኅበሩ እንደ እሱ ያለውን ተቀብሎ አያውቅም። ማኅበሩን በሙሴነት የሚመሩት ግራዝማች እንዳላማው አዩትና፣ "ግባ እንጂ" አሉት።

ቢምረው ገብቶ ጽዋውን በሁለት እጁ ተቀበለ፤ ጠጣና አጠገቡ ለተቀመጠው ለውበቱ ዘረጋለት። ውበቱ እጁን ከጋቢው አላወጣም። "ቀጥቃጭ የጠጣበትን አልጠጣም። የአባቶቻችን ደንብ ነው" አለ። ቢምረው ግን ጽዋውን ወደ ራሱ አልመለሰውም።

ግራዝማች ተነሥተው መጡ። ጽዋውን ተቀብለው፣ ቢምረው ከንፈሩን ካሳረፈበት በኩል ደህና አድርገው ተጎነጩ። "አባቴ ይህን ደንብ እንደያዙ ሞቱ። እኔ ግን ይዤው አልሞትም" አሉና ለውበቱ ዘረጉለት። ውበቱ እጁን ከጋቢው አውጥቶ ተቀበላቸውና ጠጣ። ጽዋው ዞሮ ሲያበቃ ግራዝማች ለቢምረው አስረከቡት። "የሚመጣው ወር ተረኛ አንተ ነህ። ቤትህ መጥተን እንበላለን፣ እንጠጣለን" አሉት።

ቢምረው ጽዋውን አቅፎ ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ ሥራነሽ ደነገጠች።

"እኛ ቤት? ማን ማን ሊመጣ?"

"ሁሉም።"

እልልታዋ ጎረቤቱን ሁሉ ከቤት አስወጣ።