አዲስ ካርድ ይውጣ

ዶክተሩ፣ ሆስፒታሉ የካንሰር መድኃኒቱን ከእንግዲህ እንደማይገዛ የነገራቸው ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳይነቅል ነበር። እናትየው ለሰባተኛው ዙር እጅጌያቸውን ጠቅልለው ክንዳቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተዋል።

"እየተሻላት እኮ ነው! እብጠቱ በግማሽ ቀንሷል!" አለች ልጃቸው።

"ይገባኛል እህቴ፤ የሦስት ዓመቱ መረጃ ግን ሌላ ነው የሚለው። አብዛኞቹ አንድ ዙር ወስደው በዚያው ይጠፋሉ። ለማይቀጥል ሰው ምን ብለን እንግዛ?" እንድታምነውም ስክሪኑን ወደ እሷ አዞረላት።

ዝርዝሩን በጣቷ እየተከተለች ወረደች። በየስሙ አጠገብ "አልተመለሰችም" ይላል። አራተኛው መስመር ላይ የእናቷን ስም አገኘች። ዝቅ ስትል ደግሞ አገኘችው። ዝቅ ስትል ደግሞ። ስድስት ቦታ! ሌሎቹም ስሞች እንዲሁ ይመላለሳሉ። ያኔ ነው ካርድ ክፍሉ ትዝ ያላት። በመጡ ቁጥር ሠራተኛው መደርደሪያውን ገልመጥ አድርጎ "የድሮው ፋይል የለም፤ አዲስ ካርድ ይውጣ" ይላል፤ እሷም ወረፋው ስላጠረላት መርቃው ትገባለች።

ደሟ ፈላ። ቦርሳዋን ከፍታ በየዙሩ የተሰጧቸውን ትንንሽ ካርዶች አንድ በአንድ ኪቦርዱ ላይ ወረወረቻቸው። "የጠፉብህ እነዚህ ናቸው! ስድስቱም እቺው ፊትህ የተቀመጠችው ናት!"

"ማነው የጠፋው?" አሉ እናትየው ግራ ገብቷቸው።

"አንቺ ነሽ እማዬ። ስድስቴ ጠፍተሻል።"

እናትየው ካርዶቹን አዩ፤ ዶክተሩንም አዩት።

"እኔ? አንድ ቀን እንኳን ቀርቼ አላውቅም" አሉና እጅጌያቸውን ይበልጥ ወደ ላይ ሰበሰቡ።